ዶ/ር ቶማስ ላምቢ፦ ዜግነታቸውን ስለ ድውያን የሰጡ ሐኪም



አገር ሁሉ ጉባን የሚያውቃት በሕዳሴው ግድብ ነው። እኛ እዚህ የምናገለግል ሰዎች ግን ከግድቡ በፊትም ሆነ ከግድቡ በኋላ የምናውቃት በድንበርነቷ ነው። ዓባይ ከእኛ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ሰውም እንደ ውኃው ነው። ከማዶ ጦርነት ሲነሣ ሕዝብ ወደዚህ ይሸሻል፤ ከዚህ ሲከፋ ደግሞ ወደዚያ ይሸሻል። በ2020 እና በ2021 በመተከል ግጭት በበረታ ጊዜ ብዙ ሰው ልጆቹን አዝሎ ሱዳን ገባ። በ2023 ሱዳን በጦርነት ስትታመስ በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ የገባውን ሕዝብ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው የክረምት ወቅት በእኛ አጥቢያ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለድምፅ ማጉያ ብለን ያጠራቀምነው ጥቂት ገንዘብ ነበረን። በዚያው ሰሞን ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በአካባቢያችን ተጠግተው ነበር፤ አብዛኞቹ የእኛ ምእመናን አይደሉም፤ ክርስቲያን ያልሆኑም ነበሩባቸው። ገንዘቡ ለእህል መግዣ ይዋል ያሉ ነበሩ። አንድ እጅግ የማከብራቸው አባት ግን ተቃወሙ። እህል ያመጣው ሰው እህል ሲያልቅ ተመልሶ ይሄዳል፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ቃሉን መስበክ ነው፤ እርዳታውን የእርዳታ ድርጅቶች ይሥሩት የሚል ነበር አሳባቸው። ይህ የሞኝ አሳብ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለብዙ ዓመታት ስሰብክ የኖርሁት ወደዚሁ ያዘነበለ ነገር ነው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የሚሲዮን ታሪክ ስንማር ያነበብሁት የአንድ ሐኪም ታሪክ ትዝ አለኝ። ሰውየው አሜሪካዊው ዶ/ር ቶማስ ላምቢ ናቸው። ስማቸውን የሰማችሁ ብዙዎች ትኖራላችሁ፤ በተለይ በደቡብ ያደጋችሁ። ነገር ግን የሕይወታቸው ጅማሬም ሆነ ትልቁ ክፍል ከእኛው ምዕራባዊ ድንበር ጋር የተሳሰረ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪካቸውን፣ የሚያስመሰግናቸውንም የሚያሳዝነውንም፣ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ከሶባት ወንዝ ዳር

ላምቢ የተወለዱት በ1885 በአሜሪካ፣ በፔንስልቫንያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ነው። ሕክምና ተምረው በ1907፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው፣ በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተልከው ወደ ሱዳን መጡ። በኋላም ባለቤታቸው ከሆኑት ከሻርሎት ጋር በሶባት ወንዝ ዳር በናሲር፣ በኑዌር ሕዝብ መካከል ተቀመጡ። ናሲርን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከጋምቤላ ድንበር ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ያለ ስፍራ ነው። ሙቀቱ፣ ወባው፣ ትንኙ እንደ እኛው ቆላ ነው። በዚያን ጊዜ ለወባ ከኪኒን በቀር መድኃኒት አልነበረም፤ ፔኒሲሊንም ገና አልተገኘም። የአንድ ሐኪም መሣሪያ ቢላዋው፣ ፋሻው፣ ጥቂት ጠርሙሶችና ትዕግሥቱ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ያሻገራቸው የመስበክ ፈቃድ አይደለም፤ በሽታ ነው። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ በአገራችን ምን እንዳደረገ አባቶቻችን ነግረውናል። እስከ ዛሬ ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማጤሱ ልማድ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። በሽታው ወደ ምዕራብ ወለጋም ደረሰ። የሰዮ (የዛሬው ደምቢ ዶሎ) ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል፣ በድንበሩ ማዶ አንድ ፈረንጅ ሐኪም እንዳለ ሰምተው እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ላምቢም በ1919 ቤተሰባቸውን ይዘው፣ ከናሲር በጋምቤላ በኩል ቆላውን አቋርጠው ደጋውን ወጥተው ሰዮ ገቡ።

ልብ በሉ፤ ገዥው የፈለጉት ሐኪም እንጂ ሰባኪ አልነበረም። ከዚያ በፊት ብዙ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ዓመታት ለምነው በር ተዘግቶባቸው ነበር። እዚህ ላይ የዚያን አባት የአሳብ ተቃራኒ የሚመስል ግን ዘመዱ የሆነ ሌላ አሳብ ይነሣል፤ ይኸውም ሕክምና ለወንጌል በር መክፈቻ ነው የሚለው ነው። ሚሲዮናውያን ራሳቸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፤ ላምቢም ከዚህ አሳብ ነፃ አልነበሩም። በር መክፈቱ እውነት ነው። ነገር ግን ርኅራኄ ቁልፍ ብቻ ከሆነ፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ይገባል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ዓይናቸው ያልበራው ሰው

በሰዮ የተጀመረው ሥራ ምን እንዳፈራ ለማየት አንድ ሰው መጥቀስ ይበቃል። ቄስ ጊዳዳ ሶለን በልጅነታቸው በፈንጣጣ ሁለት ዓይናቸውን ያጡ፣ በልመና የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ሐኪሞች ወደ አካባቢው ሲመጡ ድውያንና ዕውሮች ወደዚያ ጎረፉ። የጊዳዳን ዓይን ግን ያበራ ሐኪም አልተገኘም፤ ፈንጣጣ ያጠፋውን ዓይን ሊያድን የሚችል በዚያ ዘመን ማንም አልነበረም። ሆኖም በዚያ ሚሲዮን ወንጌልን ሰሙ፣ አመኑ፣ ተማሩ። ጣሊያን አገሪቱን ይዞ ሚሲዮናውያን በወጡ ጊዜ በዚያ አገር የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን ይዘው ከቆሙት ከነማሞ ጮርቃ ጋር ቆሙ፤ የቤቴል ቤተ ክርስቲያን መሪም ሆኑ። በ1977 እስኪያርፉ ድረስ ሳያዩ ብዙዎችን መሩ። ልጃቸው ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ በኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት እንደነበሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ በዚያ የክሊኒክ መዝገብ ላይ ጊዳዳ የተጻፉት ቢሆን ኖሮ ያልተፈወሱ ከሚባሉት ተርታ ነበር።

ከሰዮ ወደ ጉለሌ፣ ከጉለሌ ወደ ሶዶ

ላምቢ በሰዮ ብዙ አልቆዩም። ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኙ። ራስ ተፈሪ አገራቸውን በዘመናዊ ሕክምና ለማገልገል የሚሹ ስለነበሩ፣ በዋና ከተማዪቱ ሆስፒታል እንዲሠራ ጠየቁ። ላምቢም አሜሪካ ሄደው ገንዘብ ለመኑ፤ ጆርጅ የተባሉ አንድ ባለጸጋ ክርስቲያን ከፍ ያለ ገንዘብ ሰጡ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያም በጉለሌ ሆስፒታሉ ቆመ። አንድ ሐኪም በዋና ከተማ ትልቅ ሆስፒታል፣ በቤተ መንግሥት ደግሞ ወዳጅ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል? እርሳቸው ግን ዓይናቸው ሐኪም ወዳልደረሰባቸው አገሮች ነበር። በ1927 ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ለድንበር አካባቢዎች የሚሆን አነስተኛ ሚሲዮን አቋቋሙ፤ ያም ሚሲዮን በዚያው ዓመት በምዕራብ አፍሪካ ይሠራ ከነበረው ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን (ኤስ.አይ.ኤም.) ጋር ተዋሐደ።

በመጋቢት ወር 1928 በበቅሎ ጭነው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወጡ። አሳባቸው ጅማ ነበር፤ ጌታ ግን መንገዳቸውን ወደ ከምባታ፣ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ አዞረው። በዚያም በሰዮ ያወቋቸው ደጃዝማች ብሩ የሲዳሞ ገዥ ሆነው ቆዩአቸው። በኅዳር በሽታ ጊዜ የተዘረጋ እጅ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሌላ አገር ተጨበጠ ማለት ነው። በሆሳዕና አካባቢ፣ በሲዳማና በሶዶ ጣቢያዎች ተተከሉ። በሶዶ ኦቶና የተጀመረው ሕክምና ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ትልቅ ሆስፒታል መነሻ ነው፤ የአካባቢው ሰው አሁንም ኦቶና ነው የሚለው።

ስለ ወላይታ መነቃቃት ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ አልደግመውም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን በ1937 ከሶዶ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ከመቶ አይበልጡም ነበር። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ ሺዎች ተለውጦ አገኙት። እንዴት? ስብከቱ እንዳለ ሆኖ፣ በስደቱ ዘመን የታሰሩ ወንድሞቻቸውን ለመጠየቅ ምግብ ተሸክመው የሚመላለሱት አማኞች፣ ጠያቂ ለሌለውም እስረኛ ያካፍሉ ነበር። ለጎሣው ላልሆነ፣ ለዘመዱ ላልሆነ ሰው ምግብ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው በዚያ አገር አልታየም ነበርና ይህ ፍቅር ሰውን ሁሉ አስገረመ። ይህን ያስተማራቸው ኮሌጅ የለም። አብዛኞቹ ማንበብም ገና አይችሉም ነበር።

የዘነበ ወርቅ ደጃፍ

አሁን ወደ ልቤ የቀረበው ክፍል መጣሁ። አዲስ አበባን የምታውቁ፣ በጅማ መንገድ ዘነበ ወርቅ የሚባለውን ሰፈር ታውቃላችሁ። እዚያ ያለውን አለርት ሆስፒታልንም ታውቃላችሁ። አለርት በ1965 ከመቋቋሙ ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያ ስፍራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። ያንን ያስጀመሩት ዶ/ር ላምቢ ናቸው። ስያሜውም በ1934 በወጣትነታቸው ላረፉት ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለልዕልት ዘነበ ወርቅ መታሰቢያ ሆነ።

በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ኑሮ ምን እንደነበረ ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አሁንም ቢሆን በገጠራችን ያለውን መሸማቀቅ እናውቃለን። በቤተ ክርስቲያናት ደጃፍና በመንገድ ዳር በልመና መኖር፣ ከቤተሰብ መለየት፣ የትዳር መፍረስ ነበር ዕጣው። መድኃኒትም አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ በጥቂት ወራት የሚፈውሱት ክኒኖች ያኔ አይታወቁም፤ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት የተሞከረው በ1940ዎቹ ነው። በ1930ዎቹ የነበረው ከአንድ የእስያ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ የቻውልሙግራ ዘይት ነበር፤ እርሱም በመርፌ ሲወጋ እጅግ ያማል፤ ብዙውን ጊዜም አይፈውስም። እንግዲህ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ቁስል ማጠብ፣ ማሰር፣ ማብላት፣ መጠለያ መስጠት፣ ሰው መሆናቸውን በእጁ መንካት ነበር። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ አንድ ጌታችን ለምጻሙን የፈወሰው በቃል ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ ዳሰሰው። ያ ሰው ለስንት ዓመት የሰው እጅ እንዳልነካው ማን ያውቃል?

ቀድሞ ላነሣሁት ጥያቄ፣ ማለትም ርኅራኄ በር መክፈቻ ነውን ለሚለው፣ መልስ የሚሆን ነገር ያለው እዚህ ይመስለኛል። ገዥ ከዳነ መሬት ይሰጣል፤ ራስ ከዳነ ደብዳቤ ይጽፋል። የሥጋ ደዌ ታማሚ ግን ለማንም የሚከፍተው በር የለውም። የተዘጋበት እርሱ ነውና። ሆስፒታሉ በቤተ መንግሥት ዘንድ ሞገስ አላመጣም አልልም፤ የልዕልቲቱ ስም የተሰጠውም ስለዚህ ነው። ቢሆንም ሞገስ ለማግኘት ከዚህ የቀለለ መንገድ ሞልቶ ነበር።

ዜግነታቸውንም የሰጡት ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። በጊዜው የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ መሬት በስሙ ሊይዝ አይችልም ነበር። የሥራው መሬት በሕግ እንዲጸና ላምቢ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። እስቲ አስቡት። ዛሬ ከወጣቶቻችን ስንቱ የአሜሪካን ወረቀት ለማግኘት ባሕርና በረሃ ያቋርጣል፤ አልፈርድባቸውም፣ ምክንያቱን አውቃለሁ። እኚህ ሰው ግን ያን ወረቀት በእጃቸው ይዘው ሳለ፣ ቁስለኞች የሚያርፉበት መሬት እንዲገኝ ብለው አስቀመጡት።

ቀይ መስቀልና ያ አሳዛኝ ፊርማ

በ1935 የጣሊያን ወረራ እየቀረበ ሲመጣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ፤ ላምቢም ዋና ጸሐፊው ሆኑ። በጦር ግንባር አንድም የተደራጀ የሕክምና ክፍል ለሌለው ሠራዊት በወራት ውስጥ ሐኪም፣ ፋሻ፣ መኪና፣ ድንኳን ማግኘት ነበረባቸው። ሚሲዮናውያን ሐኪሞች ሥራቸውን ጥለው ወደ ግንባር ዘመቱ፤ ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድ፣ ከግብፅ የሕክምና ቡድኖች መጡ። ዋጋውም ከባድ ነበር። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ሮበርት ሆክማን በታኅሣሥ 1935 በደገሐቡር ያልፈነዳ ቦምብ ሲያመክኑ ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር ከአየር ተደበደበ። የእንግሊዙ ቡድን መሪ ዶ/ር ጆን ሜሊ ደግሞ በግንቦት 1936 አዲስ አበባ በዘረፋ ስትታመስ ቁስለኛ ሲያነሡ በጥይት ተመተው አረፉ። ላምቢ በእነዚያ የመዓት ቀናት ከተማዋ ውስጥ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን መዝለል ይቻል ነበር። በአንዳንድ የሚሲዮን መጻሕፍት ውስጥ ተዘሏል። እኔ ግን ልዘለው አልወደድሁም። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ዶ/ር ላምቢ ለአዲሶቹ ገዥዎች መገዛታቸውን ገለጡ። ኢትዮጵያዊ ዜጋ፣ የቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ፣ ቦምቡ በሐኪሞች ላይ ሲወርድ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁ ሰው! ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሆነው በጄኔቫ የሕዝባቸውን በደል ለዓለም ሲያሰሙ፣ ወዳጃቸው የነበሩት ሐኪም እንዲህ አደረጉ።

ለምን? አሳባቸው ሥራውን ማዳን እንደነበር ይታመናል። ሆስፒታሎቹ፣ ታማሚዎቹ፣ በደቡብ ያሉት አዳዲስ አማኞች በማን እጅ ይቀራሉ? ለገዥው ጎንበስ ብንል ይተዉናል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። አልተዉአቸውም። የሚሲዮኑ ንብረት ተወሰደ፤ ሚሲዮናውያኑ ተራ በተራ ወጡ። ከነጻነት በኋላ ሌሎች ብዙዎች ሲመለሱ ላምቢ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አልሠሩም። የአሜሪካ ዜግነታቸውን ሰጥተዋል፤ ዜጋ የሆኑላት አገር በጠላት እጅ ናት፤ በ1939 ያሳተሙትን የሕይወት ታሪካቸውን አገር አልባው ሐኪም ብለው የሰየሙት ወድደው አይደለም። የአሜሪካ ዜግነታቸውን መልሰው ያገኙት በኋላ ነው።

እኔ ይህን ስህተት ነው እላለሁ፤ ትንሽ ስህተትም አይደለም። ነገር ግን ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ፈተናውን አውቀዋለሁ። በምስኪኖች መካከል የሚሠራ ሰው ሥራው እንዳይዘጋ ሲል ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ጉልበት ያለው ሰው ሲበድል አይቶ፣ ነገ ለሕፃናቱ እህል ማስገቢያ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው አፉን ይይዛል። በድንበር አካባቢ ያገለገለ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔም ዝም ብዬ አውቃለሁ። ለተበደለው ሰው ቁስሉን ማጠብ እንጂ መበደሉን መመስከር የርኅራኄ ክፍል አይመስለንም። ላምቢ ለድውያን ዜግነታቸውን እስከ መስጠት የደረሱ ሰው ሆነው ሳለ በዚህ ተሰናከሉ። በወላይታ ያሉት ያልተማሩ አማኞች ደግሞ በዚያው ዘመን እየተገረፉ ቆሙ።

ተመልሰው ወደ ድንበሩ

ሰውየው ግን በዚያ አልቀሩም። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ስማቸው የተነካ፣ ሥራቸው የፈረሰባቸው ሐኪም ወደ ጀመሩበት ወደ ሱዳን ተመለሱ። በ1938 ገደማ የእንግሊዝ አስተዳደር ለኤስ.አይ.ኤም. በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ሥራ እንዲጀምር ፈቀደ። በማባን ሕዝብ መካከል በዶሮ፣ በኡዱክ ሕዝብ መካከል በቻሊ ጣቢያዎች ተከፈቱ። (ዶሮ የቦታ ስም ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ሊያስቅ ይችላል።) ቻሊ ከኩርሙክ ሩቅ አይደለም፤ ከድንበሩ ወዲህ ያለው አሶሳ ነው። እነዚህ ሕዝቦች በባሪያ ፈንጋዮች ለትውልዶች የተዘረፉ፣ ከሰሜንም ከምሥራቅም በሚመጣ ሁሉ የተገፉ ናቸው። የእኛም በርታና ጉሙዝ ወንድሞች አያቶች ይህን መከራ ያውቁታል።

እዚያም ጦርነቱ ተከትሏቸው መጣ። በነሐሴ 1940 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከኢትዮጵያ በኩል ተነሥተው የዶሮን ጣቢያ ደበደቡ። በዚያ የነበሩት ሐኪም ዶ/ር ሮበርት ግሪቭና ባለቤታቸው ሞቱ። በክፉ ቀን ጎንበስ ያሉለት ኃይል ከአራት ዓመት በኋላ ባልንጀሮቻቸውን ገደለባቸው። ላምቢ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሰቡ መገመት ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ሻርሎት በ1946 አረፉ። ላምቢ ከጊዜ በኋላ ሌላ ሚስት አግብተው ወደ ፍልስጥኤም ሄዱ፤ በቤተ ልሔምና በኬብሮን መንገድ ላይ ለሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች በረካ የተባለ ሆስፒታል አቋቋሙ። ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህን የመሰለ ሥራ መጀመር ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ እንደ ሥጋ ደዌ ሰው የሚሸሸው በሽታ ነበር፤ በ1948ቱ ጦርነት የተፈናቀሉ ስደተኞችም በየድንኳኑ ሞልተው ነበር። በሚያዝያ 1954፣ የትንሣኤ በዓል በቀረበበት ሰሞን፣ በኢየሩሳሌም በአትክልቱ መቃብር ስፍራ ሳሉ በድንገት አረፉ። በዚያ ለበዓሉ ጧት መልእክት ለማቅረብ እየተዘጋጁ ነበር።

ቻሊና ዶሮስ?

ሚሲዮናውያን በ1964 ከደቡብ ሱዳን ሲባረሩ በቻሊ የቀረችው የኡዱክ ቤተ ክርስቲያን በራሷ አገልጋዮች ቆመች። በ1987 መንደሮቻቸው በጦርነት ተቃጠሉና ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ ወደ አሶሳ መጣ፤ በፆሬ ሰፈረ። በ1990 መጀመሪያ አሶሳ ስትጠቃ እንደገና ተበተኑ። ወደ ኢታንግ ሄዱ፤ ከዚያም በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ ሱዳን ተመልሰው ናሲር ደረሱ። አዎን፣ ያችው የሶባት ዳሯ ናሲር፣ ዶ/ር ላምቢ የጀመሩባት። ከዚያም ተመልሰው በጋምቤላ አጠገብ በቦንጋ ዓመታት ኖሩ። ሰላም ሆነ ብለው ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ በ2011 ብሉ ናይል እንደገና በጦርነት ነደደ። ከዚያ አካባቢ የተሰደደው ሕዝብ ከፊሉ ወደ ሸርቆሌ፣ ወደ ቶንጎና ወደ ባምባሲ መጠለያዎች መጣ፤ ከፊሉ ወደ ማባን ሄደ። በማባን ካሉት ትልልቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ዶሮ ይባላል፤ ሐኪሙና ሚስቱ በ1940 የሞቱበት ስፍራ ነው።

በእነዚህ መጠለያዎች ሁሉ ሕዝቡ በሄደበት መጀመሪያ ከሚሠራቸው ጎጆዎች አንዱ የጸሎት ቤት ነው።

ወደ እኛ ስብሰባ ልመለስ። ድምፅ ማጉያው አልተገዛም። ማሽላ ገዛን፤ ብዙ አይደለም፣ ገንዘባችን ያን ያህል ነበርና። ያ የተቃወሙት አባት አሳባቸውን አልለወጡም፤ አሁንም እህል ያመጣው ሰው ይሄዳል ይላሉ፤ ከወሰዱትም ቤተሰቦች አብዛኞቹ በእርግጥ ሄደዋል። ሲከፋፈል በዋለበት ቀን ግን ጆንያውን ከመኪና ያወረዱት እርሳቸውና ልጆቻቸው ናቸው። በመጪው ወር ስብሰባ ደግሞ አሳቡ እንደገና ይነሣል፤ ከድንበሩ በኩል ሰው መምጣቱን አላቆመምና።